ከፊርማው በስተጀርባ፦ የመሐንዲስ የጊዜ፣ የገንዘብና የዕውቀት አያያዝ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




አንድ መሐንዲስ በሥራ ዘመኑ የሚያበረክተው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙው ሰው ሕንፃውን፣ ድልድዩን ወይም መንገዱን ይጠቅሳል። ነገር ግን ግንቡን የሚያቆመው ግንበኛው ነው፤ ፌሮውን የሚያስረው ፌሮ ሠራተኛው ነው፤ አርማታውን የሚሞላው የቀን ሠራተኛው ነው። መሐንዲሱ በገዛ እጁ የሚያኖረው ነገር ቢኖር ፊርማው ነው። በፕላኑ፣ በክፍያ ሰርተፊኬቱና በሙሌት ፈቃዱ ላይ የሚያርፈው ይህ ፊርማ፣ ፈራሚው ሥራውን እንዳየ፣ እንደ መረመረና ኃላፊነቱን እንደ ተቀበለ የሚመሰክር የቃል ኪዳን ምልክት ነው። የፊርማው ዋጋ ደግሞ ከበስተጀርባው ባለው ሰው ይለካል።

ጉዳዩን ለማስረዳት አንድ የታወቀ ሁኔታ በምሳሌነት ማንሣት ይበቃል። ዕለቱ ዓርብ ነው እንበል፤ ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሆኗል። የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ ሊሞላ፣ አርማታ የጫኑ ሁለት መኪናዎች ከበር ቆመዋል። ሲሚንቶና ውሃ አንድ ጊዜ ከተገናኙ አርማታ ሰው አይጠብቅም፤ ፎርማኑም ይህን ያውቃልና ወረቀቱን ይዞ ወደ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ይቀርባል። መሐንዲሱ ጠዋቱን በስብሰባ፣ ከሰዓት በኋላውን በስልክ አሳልፏል፤ ወጥቶ ፌሮውን አላየም። የተቋራጩ ወኪል ባለፈው መስከረም የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ በጎደለው ጊዜ ገንዘብ ያበደረው ደግ ሰው ነው። ከዚህም ሌላ ምሰሶና ቢም በሚገናኙበት ቦታ ስታፋው ምን ያህል ተቀራርቦ መታሰር እንዳለበት የሚደነግገውን አዲሱን ኮድ እስካሁን በጥሞና አላነበበውም። እንግዲህ ይህ ሰው ይፈርማል ወይስ አይፈርምም?

የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በዚያ ዓርብ አይደለም። መልሱ የተወሰነው ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት፣ መሐንዲሱ ቀኑን እንዴት እንዳዋለ፣ ደመወዙን እንዴት እንዳወጣና ምሽቱን በምን እንዳሳለፈ ነው። ለማየት ጊዜ የሌለው፣ እምቢ ለማለት ነጻነት የሌለው፣ ለመፍረድ ዕውቀት የሌለው ሰው ፊርማ ቀለም ብቻ ነው። ስለሆነም የዕለት ኑሮን በሥርዓት መምራት ለትርፍ ሰዓት የሚተው ምክር ሳይሆን የሙያው ግዴታ አካል ነው። መሐንዲሱ በሥራ ቦታ የሚጠቀምባቸውን መሣሪያዎች፣ ማለትም መዝገብን፣ ስሌትንና ምርመራን፣ ወደ ገዛ ኑሮው ቢያስገባቸው ለዚሁ ይረዱታል።

ሀ. ስለ ጊዜ

«ጊዜ ወርቅ ነው» የሚለው አባባል በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ይነበባል። ይሁን እንጂ ወርቅ ያለው ሰው ወርቁን ይመዝናል፤ ጊዜውን የሚመዝን ግን ጥቂት ነው። መሐንዲስ በሥራ ቦታው የዕለት መዝገብ ይይዛል፤ ስንት ሠራተኛ እንደ ገባ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደ ወጣ፣ ዝናቡ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ሥራ እንዳስቆመ ይጽፋል። የራሱን ቀን ግን እንዲህ አይመዘግብም። ስለዚህም ማታ ደክሞ ሲገባ ምን እንደ ሠራ ቢጠየቅ፣ መልሱ «ስሯሯጥ ዋልሁ» ከማለት አያልፍም።

በዚህ ረገድ የፍራንክ ጊልብሬዝ ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ይህ አሜሪካዊ በወጣትነቱ በግንበኛ ረዳትነት ሥራ ሲጀምር፣ አስተማሪዎቹ ግንበኞች ለማስተማር ሲሹ በአንድ መንገድ፣ ሲቸኩሉ በሌላ፣ ሲዘገዩ ደግሞ በሦስተኛ መንገድ ጡብ እንደሚያኖሩ አስተዋለ። በኋላም ተቋራጭ ሆኖ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ቆጠረ። ጡቡና ሞርታሩ በግንበኛው እጅ ከፍታ ላይ እንዲሆኑ መወጣጫውን አሻሻለ፤ ከመሬት እየጎነበሱ ማንሣትን አስቀረ። በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1911 ፍሬደሪክ ቴይለር ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተገለጸው፣ አንድ ጡብ ለማኖር ይፈጅ የነበረው 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ወረደ፤ አንድ ግንበኛ በሰዓት የሚያኖረውም ከ120 ጡብ ወደ 350 አደገ። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ግንበኛው የበለጠ እንዳልሮጠ ነው። ከሥራው ላይ የተነሣለት ሥራ የሚመስል ድካም ብቻ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ተግባር መቁጠር ነው። አንድ መሐንዲስ ለአንድ ሳምንት ብቻ በየግማሽ ሰዓቱ የሠራውን በአንድ ቃል በደብተር ቢጽፍ፣ ቀኑ በምን እንደሚሄድበት ያያል። ለምሳሌ ቤቱ ከሥራ ቦታው ርቆ በመሄድ 1 ሰዓት ተኩል፣ በመመለስ 1 ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ሰው፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ 78 ሰዓት በመንገድ ያሳልፋል። ይህም በቀን 8 ሰዓት ሲታሰብ ከ9 የሥራ ቀን ይበልጣል። ይህን ያወቀ ሰው፣ ቤት መቀየር ባይችል እንኳ፣ ከመጨናነቁ በፊት ማልዶ መውጣትን ወይም ያን ጊዜ ለማዳመጥና ለማንበብ ማዋልን ያስባል። ያላወቀው ግን ትራፊኩን እየረገመ ዓመቱን ይፈጃል።

ሁለተኛው ተግባር መለየት ነው። በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ በዱፖንት ኩባንያ፣ ዛሬ ብዙ የፕሮጀክት መርሐ ግብር የሚሠራበት የወሳኝ መስመር ዘዴ ወጣ። የዘዴው ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ ከብዙ ሥራዎች መካከል ቢዘገዩ ሌላውን ሁሉ የሚያዘገዩ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ይህ እውነት በአንድ ሰው ቀንም ላይ ይሠራል። ጠረጴዛ ላይ ካሉት አሥራ አምስት ወረቀቶች ውስጥ አንዱ መልስ ባለማግኘቱ አርባ ሠራተኛ ሥራ ፈትቶ ሊውል ይችላል፤ አሥራ አራቱ ግን እስከ ሰኞ ቢቆዩ የሚጎዱት የለም። ብዙ ሰው ግን ቀላሉን አስቀድሞ ከባዱን ያስከትላል፤ ብዙ ወረቀት ስለ ገላበጠም የሠራ ይመስለዋል።

ስለዚህ ማታ ከሥራ ከመውጣት በፊት የነገን ሦስት ዋና ሥራዎች ጽፎ መሄድ፣ ከሦስቱም የሌላ ሰው እጅ የሚጠብቀውን በመጀመሪያ ማድረግ ጠቃሚ ልማድ ነው። ስሌትና ምርመራ የሚጠይቀው ሥራ አእምሮ ባልደከመበት በጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ይሁን፤ ደብዳቤውና ስልኩ ከሰዓት በኋላ ይድረሱ። ተንቀሳቃሽ ስልክና ቴሌግራም የሥራ መሣሪያ መሆናቸው አይካድም፤ ሆኖም ለአንድ ሰዓት ተኩል ድምፁ የተዘጋ ስልክ የጎዳው ፕሮጀክት የለም፤ ስሌት በመካከል በመቋረጡ ተሳስቶ የወጣ ፕላን ግን አለ። ስብሰባም ቢሆን የሚወሰነው ነገር አስቀድሞ ተጽፎ ካልቀረበ፣ ወደ ስብሰባው ከመግባት በፊት ምን እንደሚወሰን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሦስተኛው ተግባር ማስተካከል ነው። በ2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ «አምስቱ ማዎች» የሚባሉት፣ ማለትም ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ፣ በብዙ ፋብሪካዎች ግድግዳ ላይ ተጽፈው ይታያሉ። በመሐንዲሱ ጠረጴዛና ኮምፒውተር ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይታዩም። የመጨረሻው ፕላን የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ «አዲስ»፣ «አዲስ 2»፣ «የመጨረሻ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎችን ሲከፍት ሩብ ሰዓት የሚያጠፋ ሰው፣ ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ሕንፃውንም በአደጋ ላይ ይጥላል፤ በተሻረ ፕላን የታሰረ ፌሮ ከዚሁ ዓይነት መዘበራረቅ ይወለዳልና። እያንዳንዱን ሰነድ በቀንና በቁጥር መሰየም፣ የተሻረውን ለይቶ ማኖር አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

በመጨረሻም፣ ጊዜን ማክበር መቸኮል ማለት አይደለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው በከንቱ አይደለም። እንቅልፉን አጓድሎ የሚሠራ መሐንዲስ ሲያገኝ የሚታየው ሰዓቱ ነው፤ ሲያጣ የማይታየው ደግሞ ማስተዋሉ ነው። ፌሮ የሚቆጠረው በዓይን ነውና የደከመ ዓይን ምርመራ ምርመራ አይባልም።

ለ. ስለ ገንዘብ

ስለ ቁጠባ ሲነገር በቅድሚያ አንድ እውነት መታመን አለበት። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የኑሮ ውድነት የደመወዝተኛውን አቅም በእጅጉ አዳክሟል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም 57 ብር አካባቢ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ያለን ሰው «ብትቆጥብ ትበለጽጋለህ» ማለት መሸንገል ይሆናል። ሂሳብ መያዝ ትንሹን ደመወዝ ትልቅ አያደርገውም። የሚያደርገው፣ ባለቤቱ ያልጠበቀው ችግር ደርሶበት የሌላ ሰው እጅ እንዳያይ መጠበቅ ነው። ለመሐንዲስ ደግሞ ዋናው ቁም ነገር ይኸው ነው።

አንደኛ፣ የወር ወጪን መመዝገብ። ለዚህ ከአንድ ደብተር በቀር ሌላ አያስፈልግም። ለስሌት ያህል አንድ ማኪያቶ 40 ብር ቢሆንና በቀን ሁለት ቢጠጣ፣ በ26 የሥራ ቀን 2,080 ብር፣ በዓመት 24,960 ብር ይሆናል። ይህ የተጠቀሰው ቡናን ለማስከልከል አይደለም፤ ከባልደረባ ጋር የሚጠጣ ቡና ዋጋው ከገንዘቡ ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ሰው በየቀኑ የሚያወጣው 80 ብር በዓመቱ 25,000 ብር ገደማ መሆኑን አውቆ ቢያወጣው ምርጫው ይሆናል፤ ሳያውቅ ካወጣው ግን ፍሳሽ ነው። የቧንቧ ፍሳሽ ሳይፈለግ ተጨማሪ ታንከር እንደማይገዛ ሁሉ፣ ፍሳሹን ሳያዩ ትርፍ ሥራ መፈለግም እንዲሁ ነው። መዝገቡ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላም ነገር ያሳያል፤ ብዙውን ጊዜ የወጪው አብዛኛው ክፍል በቤት ኪራይ፣ በመጓጓዣና በድግስ ላይ የዋለ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ትኩረቱም በእነዚህ ላይ ይሁን።

ሁለተኛ፣ ዓመቱን በ13 ወር ማሰብ። የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወር ሲሆን ደመወዙ ግን 12 ነው። ጳጉሜን ገቢ የሌላት፣ ወጪዋ ግን የሞላ ወር ናት። የነሐሴ ደመወዝ እስከ መስከረም መጨረሻ መድረስ ሲኖርበት፣ በዚሁ መካከል የዘመን መለወጫ፣ መስቀል፣ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ይደራረባሉ። ይህ በየዓመቱ በታወቀ ቀን የሚመጣ ወጪ ሆኖ ሳለ፣ በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ ጎርፍ ብዙውን ቤት ያጥለቀልቃል። ወጪው 22,000 ብር ከሆነ ከጥቅምት እስከ ነሐሴ በየወሩ 2,000 ብር ማስቀመጥ ይበቃል። የክረምት ጎርፍ እንደሚመጣ እያወቀ ድልድዩን ያለ ማፋሰሻ የሚሠራ መሐንዲስ የለም፤ መስከረምም እንደዚሁ መታየት አለበት።

ሦስተኛ፣ አስቀድሞ መቀነስ። ከመንግሥትም ሆነ ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ ላይ 7 በመቶ ለጡረታ ይቀነሳል፤ አሠሪውም 11 በመቶ ይጨምርበታል። ይህ 7 በመቶ እጅ ስለማይገባ ጎደለ ብሎ በየወሩ የሚያዝን የለም። በግንባታ ውልም ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ሪቴንሽን ይያዛል፤ ይህም የሚደረገው ተቋራጩ ስለማይታመን ሳይሆን፣ ጉድለት ሊታይ እንደሚችል ስለሚታወቅ ነው። መሐንዲሱም ለራሱ እንዲሁ ቢያደርግ፣ ማለትም ደመወዙ በገባበት ቀን 5 ወይም 10 በመቶውን ወደ ሌላ ሂሳብ ቢያዛውር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሦስት ወር ወጪውን የሚሸፍን መጠባበቂያ ይኖረዋል። ከወር መጨረሻ የሚተርፈውን አስቀምጣለሁ ያለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው አይተርፈውም።

አራተኛ፣ የዕቃን ዋጋ በዕድሜው ማካፈል። 1,500 ብር ተገዝቶ በ5 ወር የሚያልቅ ጫማ በወር 300 ብር ያስወጣል፤ 3,600 ብር ተገዝቶ 18 ወር የሚያገለግለው ግን 200 ብር ብቻ ነው። የውሃ ፓምፕ ሲመርጥ ይህን ስሌት የሚሠራ ባለሙያ ለቤቱ ዕቃ ሲገዛ ይዘነጋዋል። በሌላ በኩል ደግሞ የዋጋ ቅናሽ ተብሎ የቀረበ ሁሉ ቅናሽ አይደለም፤ የማይፈለግ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ቢገዛም የጠፋው ያ ግማሽ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት ለዚህም ይስማማል። የቤት እህልን በተመለከተ የእናቶች ልማድ አሁንም ጥበብ አለው፤ ጤፍን አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተባብሮ በኩንታል መግዛት በየሳምንቱ በኪሎ ከመግዛት ይሻላል።

አምስተኛ፣ ዕቁብን በስሌት መጠቀም። አሥር ሰዎች በየወሩ 3,000 ብር ቢጥሉ ባለ ዕጣው 30,000 ብር ያነሣል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ አበደረ። ዋጋ በየወሩ በ2 በመቶ ቢጨምር፣ በአሥረኛው ወር የሚነሣው 30,000 ብር በመጀመሪያው ወር 25,100 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል። ታዲያ ዕቁብ ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። ብቻውን መቆጠብ ያቃተው ሰው ጓደኞቹን ላለማሳፈር ሲል ይጥላልና፣ ያጣው የሥርዓት ዋጋ ነው። ነገር ግን ዕቁብ ተራው ሲደርስ ወዲያው ለታወቀ ጉዳይ እንዲውል ይሁን፤ ተራውም በተቻለ መጠን በችግር ይደልደል እንጂ በዕጣ ብቻ አይተው። ገንዘብ ዝም ብሎ ሲቀመጥ የሚቀንስበት ዘመን ስለ ሆነ፣ ከመጠባበቂያው የተረፈው ለሥራ መሣሪያ፣ ለትምህርት ወይም ለቤት መሥሪያ ቢውል ይመረጣል።

ስድስተኛ፣ ይሉኝታን መገደብ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ማንም ሰው በቤቱ ደብተር ላይ «ይሉኝታ» ብሎ ወጪ አይጽፍም፤ ሆኖም «ኢንጂነር ሆኖ እንዴት በታክሲ ይመጣል?»፣ «ኢንጂነር ሆኖ ሠርጉን እንዲህ ያሳንሳል?» የሚለው ሐሜት በብዙ ቤት የብድር ምንጭ ሆኗል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲባል የነበረው ዛሬ መኪናና አዳራሽ ሆኖ መጥቷል። ዕድርን፣ የታመመ ዘመድንና ያረጁ ወላጆችን መርዳት ከዚህ ወጪ አይቆጠርም፤ ይህ የሰውነት ግዴታ ስለሆነ በበጀቱ ውስጥ የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል። ይሉኝታ የሚባለው፣ ሰጪውን የሚጎዳ፣ ተቀባዩንም የማይጠቅም፣ ተመልካቹን ብቻ ደስ የሚያሰኝ ወጪ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የማይሻር ሕግ ይቀራል፤ ሥራውን ከሚቆጣጠሩት ተቋራጭ፣ ከዕቃ አቅራቢም ሆነ ከወኪሉ፣ በምንም ዓይነት ችግር ገንዘብ አለመበደር። ጉቦ ሁልጊዜ በፖስታ ተጠቅልሎ አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በመስከረም፣ በወዳጅነት፣ «ሲመችህ ትመልሳለህ» ተብሎ ነው። የሚመለስበት ቀን ደግሞ ዓርብ በ11 ሰዓት፣ ሁለት መኪና አርማታ ከበር በቆሙ ጊዜ ይሆናል። ጳጉሜንን አስቀድሞ ያሰበ ሰው ከዚህ ወጥመድ ያመለጠው በመስከረም ሳይሆን በጥቅምት ነው።

ሐ. ስለ ዕውቀት

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ምሳሌ ለቤተ ክህነት ተማሪ ብቻ የተነገረ አይደለም። ዲግሪም ጥምጣም ነው፤ በራስ ላይ ከወጣ በኋላ ትምህርቱ ካላደገ፣ ጭንቅላቱን ይሸፍናል እንጂ አይሞላውም።

በዚህ ረገድ የግንባታ ኮዶች ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1995 የወጡት የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮዶች ለሃያ ዓመት ያህል የዲዛይን መመሪያ ሆነው አገልግለዋል። በ2015 ደግሞ የአውሮፓን ኮዶች መሠረት ያደረጉ አዳዲስ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ወጡ። ለውጡ የስም ብቻ አልነበረም። ለምሳሌ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ በቀድሞው ኮድ ስሌቱ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ሊደርስ የሚችለውን መንቀጥቀጥ መሠረት ሲያደርግ፣ አዲሱ ግን በ475 ዓመት አንድ ጊዜ የሚጠበቀውን፣ ማለትም የበለጠ ብርቱውን፣ ይወስዳል። እንግዲህ ከአዲሱ ኮድ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የተመረቀ መሐንዲስ በቃሉ ያጠናው ቁጥር ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው አርጅቶበታል። በ2017 ዓ.ም. በአፋርና በፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ በተሰማ ጊዜ፣ በፎቅ ላይ የነበሩ ሰዎች በሌሊት ደረጃውን ሲወርዱ ያመኑት የአንድን የማያውቁትን መሐንዲስ ዕውቀት ነበር።

ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት በስሌት ሲመረመር ይወድቃል። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢነበብ 150 ሰዓት ይሆናል። ይህም በቀን 8 ሰዓት ሲታሰብ ከ18 ቀን በላይ የሆነ ሙሉ የትምህርት ጊዜ ነው። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ አንድን ኮድ በሳምንት ሃያ ገጽ እያነበቡ መጨረስ ይቻላል፤ በአንድ ሌሊት ለመጨረስ የሚሞክር ግን አንዱንም ምዕራፍ ሳይዝ ያድራል።

ከመጽሐፉ ባሻገር ሦስት የዕውቀት ምንጮች አሉ። የመጀመሪያው የስሕተት ደብተር ነው። በሥራ ላይ የታየን ስሕተት፣ ምክንያቱንና እርማቱን በግማሽ ገጽ የጻፈ መሐንዲስ ከአምስት ዓመት በኋላ በየትኛውም መጻሕፍት ቤት የማይገኝ መጽሐፍ ይኖረዋል። ሰው ስኬቱን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የሚያስተምረው ግን ፎቶግራፍ ያልተነሣው ነው።

ሁለተኛው የሠራተኛው ልምድ ነው። ሠላሳ ዓመት ፌሮ ያሰረ ሰው ስሌቱን ላያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን በፕላኑ ላይ የተሳለው ፌሮ ጠጠር በመካከሉ የማያሳልፍ መሆኑን ከመሐንዲሱ በፊት ያያል። «ይህ እንዴት ይሠራል ይላሉ?» ብሎ በአክብሮት የጠየቀ ወጣት መሐንዲስ ማዕረጉ አይቀንስም። ያልጠየቀው ግን ሶሌታው ከተሞላ በኋላ በጎኑ ባዶ ቀዳዳ ያገኛል።

ሦስተኛው ማስተማር ነው። አዲስ ተመራቂ ሲመጣ ሻይ የሚያመላልስ ወይም ፎቶ ኮፒ የሚያነሣ ረዳት አድርጎ የሚያኖረው ከፍተኛ መሐንዲስ፣ ወጣቱን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይጎዳል። አንድን ነገር ለሌላ ሰው ሲያስረዱ፣ የማያውቁት ክፍል የት እንዳለ ወዲያው ይታወቃልና።

መደምደሚያ

አሁን ወደዚያ ዓርብ መመለስ ይገባል። ጊዜውን በሥርዓት የያዘው መሐንዲስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፌሮውን አይቷል፤ አዲሱን ኮድ በየምሽቱ ያነበበ በመሆኑ ስታፋው በምሰሶው ዳር መራራቁን ለይቶ በጽሑፍ አስታውቋል፤ ለማንም ዕዳ ስለሌለበትም መስተካከሉን ሳያይ እንደማይፈርም በረጋ ድምፅ ተናግሯል። ስለዚህ ዓርብ በ11 ሰዓት መኪናዎቹ ሲመጡ ክርክር የለም፤ ፌሮው ተስተካክሏል፤ ወረቀቱም ተፈርሟል። የተቋራጩ ወኪል በዚያን ዕለት ቢያኮርፍም የከሰረው የግማሽ ቀን ሥራ ብቻ ነው፤ የተሞላ ሶሌታ ከማፍረስ ሲነጻጸር ይህ ትርፍ ነው።

ይህን ልማድ ለመጀመር ብዙ ዝግጅት አያስፈልግም። አንድ ሳምንት ቀንን መመዝገብ፣ አንድ ወር ወጪን መጻፍ፣ ዛሬ ማታ ግማሽ ሰዓት ማንበብ ይበቃል። አርማታ በሞሉት ዕለት አይጠነክርም፤ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሃ ካላገኘ ግን በኋላ ቢያጠጡት የተሰነጠቀው አይገጥምም። ልማድም እንደዚሁ ነው፤ መጀመሪያው ሳምንት ካልተጠበቀ ይሰነጠቃል።

ማኅበሩም የበኩሉ ድርሻ አለው። በወር አንድ ምሽት አባላት ተሰብስበው የኮዱን አንድ ምዕራፍ ቢያነቡና ቢወያዩ፣ እንዲሁም አባላት በየወሩ ጥቂት እያዋጡ በመስከረም ወይም በሕመም ጊዜ የሚበደሩት የመረዳጃ ሣጥን ቢቋቋም፣ ወጪው አነስተኛ ነው። ጥቅሙ ግን አንድ የቸገረው ባልደረባ ከማይበደረው ሰው እንዳይበደር ማድረግ ነው። ማኅበር የሚባለው የዓመት ስብሰባና የዓመት መጽሔት ብቻ አይደለም፤ የአንዱ አባል ፊርማ ነጻ ሆኖ እንዲቆም ሌላው ትከሻ የሚሰጥበት ነው።

በየሕንፃው ውስጥ የሚተኙ ልጆች የመሐንዲሱን ስም አያውቁም፤ ደብተሩንም አያዩም። ተኝተው የሚያድሩት ግን እርሱ በዚያ ደብተር ላይ ቀኑን፣ ብሩንና ስሕተቱን በጻፈው መጠን ነው።